ሳልሄድ የተሸኘሁበት ክረምት

ግንቦት 25

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም ለእኔና ለባለቤቴ ለወንጌላዊት፦

ከዛሬ ጀምሮ የዲሹ ወርኃዊ ክፍያ ተቋርጧል። ዲኮደሩ ለረጅም ዘመን ካገለገለ በኋላ በክብር ተሰናብቷል። ለውሳኔው መነሻ የሆነው ባለፈው ሳምንት ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት የጻፍኩት "የማንጠቀምበትን ዕቃ ከቤታችን እናውጣ" የሚለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያመነበትም እኔው ነኝ። በራሱ ጽሑፍ የተታለለ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ በዞናችን የመጀመሪያው ሳልሆን እቀራለሁ?

ካርዱ የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ ስለነበር የዋንጫውን ጨዋታ አይቼ ነው የተለያየነው። መልካም ስንብት ነበር። ወንጌ በመሀል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ እናቷ፣ ስለ ሆሳዕና ብዙ አወራች። ፍፁም ቅጣት ምት ላይ ደርሰን ነበር። "እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል" አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። ለኳስ እንዲህ አንጀቷ የሚንሰፈሰፍ አይመስለኝም ነበር።

ግንቦት 29

ቤቱ ጭር ብሏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ እንደሚደበድበው አላውቅም ነበር፤ ለካ የኳስ ተንታኞቹ ናቸው ሲሸፍኑልን የኖሩት። ዛሬ ሪሞቱን ወደ መስኮቱ አነጣጥሬ ስጫን ወንጌ አየችኝና ሳቀች። በመስኮቱ የሚታየው የእትዬ አልጋነሽ ዶሮዎች፣ ጭቃ፣ ዝናብ። ድጋሚ ስርጭት።

እትዬ አልጋነሽ አከራያችን ናቸው። ማታ በር ላይ ብቅ ብለው "ዜናው ዛሬ የለም እንዴ?" አሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ለካ እሳቸውም በነፃ ተመዝጋቢ ነበሩ።

ሰኔ 3

ተሐድሶው ቀጥሏል። የጁስ መፍጫው ወጣ። ለጤናችን ተብሎ የተገዛ ነው፤ በዕድሜው ያየው አንድ ፓፓያ ነው፣ እሱንም አላላመውም። ማይክሮዌቩም ወጣ። እሱ እንኳ ሥራ አልፈታም ነበር፤ ዳቦ ከአይጥ ይደብቅልን ነበር። ጎረቤታችን ሬድዋን ከዲኮደሩ ጋር በሱቁ በረንዳ ላይ አውጥቶ ሊሸጥልኝ ተስማማ። አባቱ ከወልቂጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ በዚያ በረንዳ ላይ ያልተሸጠ ነገር ቢኖር ሬድዋን ራሱ ብቻ ነው።

"ወላሂ ሳሚ፣ ከነላስቲኩ ነው እኮ የያዝከው! ሰው ሚስቱን እንኳ እንዲህ አይጠብቅም" አለኝ።

መፍጫውን ተሸክሜ ስወጣ በሩን የከፈተችልኝ ወንጌ ናት። ባዶ ጠርሙስ ስጥል የምትሟገተኝ ሴት ግንባሬን ሳመችኝና "ገና ሳልለምንህ" አለችኝ። ቁጠባ ሴትን እንዲህ እንደሚያስደስት ማን ነገረን? በሚቀጥለው እትም ይካተታል።

ሰኔ 9

በችኮላ። የልብስ ማጠቢያው ሄደ። ውሃ ስለማይመጣለት የቆሸሸ ልብስ ማጠራቀሚያ ሆኖ ነበር። በባጃጅ ጫንነው፤ ግማሹ ውጭ ቀርቶ በዋናው አስፋልት ሄደ። ሁሉም ሰው አየው። ቦንጋ ነው፤ ሁሉም ስል ሁሉም ነው።

ወንጌ ስለ መስከረም ደጋግማ ታነሳለች። "መስከረም ላይ እንዲህ ስናደርግ፣ መስከረም ላይ እንዲያ ስንሆን..." መምህር ናት፤ ትምህርት ሲከፈት ይታያታል። "እሺ" እላታለሁ።

ሰኔ 14

ከሺሺንዳ የማላውቀው ሰው ደወለ።

"ሶፋውስ ስንት አልከው?"

"የምን ሶፋ?"

"ዝውውር የደረሰህ አንተ አይደለህ? ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ ብዬ ነው።"

ዘጋሁበት። ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ።

እዚህ ከተማ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ዕቃውን በረንዳ ላይ ካወጣ ትርጉሙ አንድ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይሸጣል፣ ከዚያ ሶፋው፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑ፣ አልጋው በመጨረሻ። ሰውየው መሬት ላይ ያድርና በማለዳው መኪና ውልቅ ይላል። እኔ ራሴ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ጊዜ ቁም ሣጥኔን የገዛሁት ከእንዲህ ዓይነት መንገደኛ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የልብስ ማጠቢያ በቀን ብርሃን በባጃጅ አዞርኩ። ከበሮ ማስመታት ነበር የቀረኝ።

ሰኔ 19

አለቃዬ ጋሽ ለገሰ ቢሯቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉት።

"ሳሙኤል፣ መቼም ከእኔ አትደብቅም።"

"ጋሽ ለገሰ፣ የትም አልሄድም።"

"አዎ" አሉ፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እዚሁ ይሠራ የነበረው አባተም አምና እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ልጆቼን ይንሳኝ ብሎ ምሎልኝ፣ በነጋታው ከአዲሱ መሥሪያ ቤቱ ከሚዛን ደወለልኝ።"

"እኔ የምሬን ነው።"

"እሱም የምሩን ነበር።"

ችግሩ ይህ ነው። እዚህ ዝውውር ያስገባ ሰው ደብዳቤው እጁ እስኪገባ ይክዳል፤ ምቀኛ እንዳያስቀርበት። ስለዚህ ክህደት ማስረጃ ነው። አጥብቄ በካድኩ ቁጥር ሻንጣዬ እየተሞላ ይሄዳል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ "ወላዲቷን አልሄድም!" አልኩ። ጸሐፊዋ ፀዲ ዕንባዋን ጠረገች።

ሐምሌ 1

ጋዜጠኛ ሌላው ቢያቅተው ማስተባበያ አያቅተውም። ይኸው፦

"ሰሞኑን በአንዳንድ ወገኖች የሚናፈሰው ወሬ ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው። ቤተሰቡ የትም አይሄድም። ባለቤቱ ወይዘሮ ወንጌላዊትም ስለ ዝውውር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ዕቃው የተሸጠው ስለማያስፈልግ ብቻ ነው።"

አጭር፣ ግልጽ፣ የማያሻማ። ለወንጌ ላነብላት ስገባ ከእናቷ ጋር ስልክ ላይ ነበረች። "አዎ እማ... እሱ ራሱ ነው የጀመረው... ምንም አልጎተጎትኩትም እኮ..." ትላለች። ስታየኝ ፈገግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለልደቴ የሆነ ነገር እያሰቡልኝ ነው መሰለኝ። ልደቴ ጥር ላይ ነው። ቀደም ብሎ ማሰብ አይከፋም።

ሐምሌ 8

ለፊልድ ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ ወጣን። መኪናው ጭቃው ላይ ስለቆመ በእግር ገባን። ጫካው ውስጥ ቡናው ከዛፉ ሥር፣ ቀፎው ከዛፉ ላይ፣ እኔ መሀል ላይ ካሜራዬን በላስቲክ ጠቅልዬ። ንብ የሚያረቡ አንድ አባት ለቃለ መጠይቁ በደንብ መለሱልኝ፤ ስንጨርስ በጠርሙስ ማር ሰጡኝ።

"ለመንገድህ።"

"የምን መንገድ አባቴ?"

"የሆሳዕናው ነዋ። አልጋነሽ እኮ ለእኔ የአጎት ልጅ ናት።"

ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥ ወሬው መድረሻ ከተማ ሳይቀር ይዞ ቀድሞኝ ገብቷል። ግን ለምን ሆሳዕና? ለምን ጅማ አላሉም? ለምን አዋሳ አላሉም? ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳመላልስ ነበር። ሾፌሩ "ማሩ ይፈስብሃል" እስኪለኝ ድረስ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ ይዤው ነበር።

ሐምሌ 15

ከሥራ ስመለስ አንድ ጎረምሳ የባንክ ሠራተኛ ሳሎኔን በሜትር ይለካል። እትዬ አልጋነሽ የሜትሩን ጫፍ ይዘውለታል።

"እትዬ፣ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል፣ አልጋው በዚህ ይግባ በዚያ እያለ ነው። አይዞህ፣ እስክትወጡ አይገባም።"

"ማን ነው እንወጣለን ያለዎት?"

ሜትሩን ለቀቁት። "ወንጌላዊት ናት እንጂ ማን ይለኛል? ተቃቅፈን አልቅሰን!"

ማታ እጠይቃታለሁ።

ማታ፦ አልጠየቅኋትም። መብራት አልነበረም። ትልቅ ጉዳይ በሻማ አይጠየቅም።

ሐምሌ 16

ነገ።

ሐምሌ 17

ራሷን አሟታል።

ሐምሌ 18

ራሴን አሞኛል።

ሐምሌ 20

ለምን እንደማልጠይቃት ራሴን ጠየቅሁ። ጥያቄው ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።

ሐምሌ 23

ልጽፍ አልፈለግሁም፤ እንቅልፍም የለም።

እራት ላይ ነበርን። ወንጌ ሽሮውን እየጨለፈች፣ "ወንድሜ ቤት አግኝቶልናል፣ ሁለት ክፍል ነው። ለእማ ሌላ አንድ ይጨመር ልበለው?" አለችኝ።

"የምን ቤት?"

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

"ሳሚ።"

"አቤት።"

"ያን ቀን አልሰማኸኝም?"

"ሰምቼሻለሁ እንጂ።"

"ምን አልኩህ?"

ባለሥልጣን ሲጨንቀው የሚናገረውን የምጽፍለት እኔ ነኝ። "ስለ እናትሽ ሰፋ ያለ ውይይት አድርገናል" አልኳት።

"ስለ እናቴ ምን?"

ዝናቡ እንኳ ቆሞ ነበር፤ ስትፈልገው የማይቆም ዝናብ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰነፍ ተማሪዋን እንደምታስረዳ ቀስ ብላ እንደገና ነገረችኝ። የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው። ሚያዝያ ላይ የጋለውን ምድጃ አላዩትም፤ እጃቸው ተቃጥሏል። ብቻቸውን ናቸው። ወንጌ ዝውውር ጠይቃ ሆሳዕና ያለ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ መስከረም ላይ ትጀምራለች። ያን ቅዳሜ ማታ ያለችኝ ይህን ነው። "አንተ ከሌለህ አልሄድም፤ ግን እባክህ እንሂድ" ነው ያለችኝ። እኔም "እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል" አልኳት።

"ዕቃውን ማውጣት ስትጀምር ለእማ ደወልኩላት። ሳሚ ሳልለምነው ጓዙን መሸከፍ ጀመረ አልኳት። እህቶቼ ላይ ስንት ጉራ ነዛሁብህ መሰለህ!"

"እኔ እኮ... የማንጠቀምበትን ዕቃ..."

"ገባኝ።"

ሳህኑን አነሳች። የእኔን ነው ያነሳችው፤ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ሐምሌ 24

"ደህና አደርክ።" "ደህና አደርሽ።" በቃ።

ሐምሌ 26

ሰዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ቴሌቪዥን ያያሉ። ወደ ሬድዋን ሱቅ ሄጄ ዲኮደሩ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሸጦታል፤ የገዛው ሰው ወስዶ ሰቅሎታል። ሬድዋን በረንዳው ላይ ቆሞ እያየኝ፣ "ሳሚ፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ሽኝት ላይ ስቀህ ነው መውጣት ያለብህ" አለኝ።

ነገሩን ዞር ብዬ አየሁት። እኔ ከዚህ ከተማ መሄድ አልፈልግም። እዚህ መንገድ ላይ ስወጣ "ጋዜጠኛው!" ይሉኛል፤ አጣርቶ ያየ የለም እንጂ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ሆሳዕና ስሄድ የወንጌላዊት ባል ነኝ። የእናቷ አማች። ስለ እሳቸው ዓይን እንቅልፍ ያጣሁ ይመስላል እንጂ ለሦስት ቀን ያሰብኩት ይህንን ነው። ይህ መስመር ይሰረዝ። አይሰረዝም፤ በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

ወንጌ ማታ፣ ሳታየኝ፣ "ለትምህርት ቤቱ አልመጣም ብዬ ልደውል ነው" አለች።

"ለምን?"

"አንተ ከሌለህ አልሄድም ብዬሃለሁ። እኔ ያልኩትን አውቃለሁ።"

እሺ ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ ብል እዚሁ እንቀራለን፤ ጎዳናውም ጋዜጠኛው ይለኛል፤ እሷም ከምድጃው ጋር ብቻቸውን ስላሉት እናቷ እያሰበች ሽሮ ትጨልፍልኛለች። "ትንሽ ቆይ" አልኳት። የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ከዚህ የደነዘዘ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም።

ሐምሌ 28

ነገ ሽኝቴ ነው። ፍልሰታ ሳይገባ እንጨርሰው ተባለ። ጋሽ ለገሰ ዘንድ ገብቼ "እባክዎ ያስቀሩት" አልኳቸው።

"በጉ ታርዷል" አሉኝ። "የታረደ በግ በማስተባበያ አይነሳም።"

ወንጌም ተጠርታለች። "ብቀር ይወራል" ብላ ቀሚሷን ተኮሰች። ካውያው ቀርቶናል፤ እሱን እንጠቀምበታለን።

ሐምሌ 29

የሆነው እንዲህ ነው።

የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተገጣጥሞ፣ ለስላሳ ተደርድሮ፣ ጋሽ ለገሰ ስለ እኔ የተናገሩትን ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ራሴም እሄድ ነበር። "ታታሪ፣ ሐቀኛ፣ ነገር የማይደብቅ" ሲሉ ባልደረቦቼ ሳቁ። ከዚያ ስጦታ። በካርቶን የታሸገ፣ ብዙ ዓይነት ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ አትክልት መክተፊያ። ፀዲ "አዲሱ ቤት ይሠራበታል!" ብላ አቀበለችኝ። ካርቶኑን ታቅፌ ቆምኩ። "ተናገር! ተናገር!" አሉ።

ልክድ ነበር የተነሳሁት። ወንጌን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ዳቦ ትቆርሳለች፤ አትበላም፣ ትቆርሳለች። ከፊቷ የፍርፋሪ ክምር አለ። ዛሬ ማታ ቤት ገብተን፣ ነገ ለትምህርት ቤቱ ደውላ፣ ከዚያ እስክንሞት እንዲህ እየቆረሰች እንደምትኖር ታየኝ።

"ወደ ሆሳዕና ነው የምንሄደው" አልኩ። "ባለቤቴ ቀድማ ትሄዳለች። እኔም እከተላታለሁ። እናቷ አሟቸዋል። እስካሁን የትም አልሄድም እያልኩ የዋሸኋችሁ... ሳላውቅ ነው።"

"ይኸው!" አሉ ጋሽ ለገሰ፣ ጠረጴዛውን እየመቱ። "አላልኳችሁም?"

አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ወንጌ አላጨበጨበችም።

በባጃጅ ተመለስን። ዝናቡ በሸራው በኩል ይገባል፤ ካርቶኑ ጉልበቴ ላይ ነው።

"ለእነሱ ነው ያልከው ለእኔ?"

"ላንቺ።"

"ሰው ፊት ትናገራለህ። ቤት ስትገባ እሺ ትላለህ።"

"አሁን ሰምቼሻለሁ።"

"ምን አልኩህ?"

ነገርኳት። ዓይናቸውን፣ ምድጃውን፣ የቱ እጃቸው እንደተቃጠለ፣ መስከረምን፣ አንተ ከሌለህ አልሄድም ያለችውን፣ እባክህ ያለችውን። ባጃጅ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኋላ ዞረና "መለሰ?" አላት።

"ግማሹን" አለችው።

የቀረውን ግማሽ ማታ ጠየቅኋት። እናቷ ከመሸ በኋላ እንደ ሰው ሁሉ መምሰል ስለሚፈልጉ መብራቱን አብርተው እንደሚቀመጡ ነገረችኝ፤ ባያዩትም። እስኪነጋ ሌላም ብዙ አወራች። አላቋረጥኳትም። የማየው ነገር ስላልነበረ እሷን አየኋት።

ነሐሴ 1

የዝውውር ጥያቄዬን ይዤ ጋሽ ለገሰ ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

"ይሄ የዛሬ ቀን ነው የተጻፈበት።"

"አዎ።"

"ዛሬ ነው የምታስገባው?"

"ዛሬ ነው።"

"ታዲያ ከትናንት ወዲያ የበላነው ምን ነበር?"

"ሽኝቴን ነው።"

"ሳሙኤል፣ አሠራር አለ እኮ! መጀመሪያ ጥያቄ ነው፣ ከዚያ ፈቃድ ነው፣ በግ መጨረሻ ላይ ነው። አንተ ከበጉ ጀመርክ።"

"ይፈቀዳል?"

"ተቀባይ መሥሪያ ቤት ሲገኝ፣ እዚህም ምትክ ሲገኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ እስከዚያ ብዙ አትታይ። ሰው አዋጥቷል።"

ነሐሴ 20

ወንጌ ሄደች። መነሃሪያ ድረስ ሸኘኋት። አልጋው ተሸጧል፤ ሌሊቱን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን ነው ያደርነው፣ እንደ ደንቡ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ስደውል ቁጭ ብለህ አንሳው" አለችኝ። እንደተቆጣችኝ ነው? አይመስለኝም። ትንሽ። እንዳልቀር ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ።

ነሐሴ 23

ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። በየመንገዱ፦ "አልሄድክም እንዴ?" ሬድዋን፦ "ወላሂ መንፈስህ ነው የመሰለኝ።" ፀዲ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ መክተፊያውን በዓይኗ ትጠይቀኛለች። የባንኩ ልጅ በየማታው በሩ ላይ እየቆመ ያስላል። እትዬ አልጋነሽ ሳልጠይቃቸው ወጥ ይልኩልኛል፤ "ለተሸኘ ሰው ማን ያበስላል?" ብለው።

ማታ ወንጌ ደወለች። ቁጭ ብዬ አነሳሁት። ትምህርት ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ እናቷ ፊቷን ዳብሰው እንዴት እንዳወቋት አወራችልኝ። ከጀርባ የእናቷ ድምፅ ይመጣል፦ "እሱስ? መጣ?"

"ምን ልበላት?" አለችኝ።

ጋሽ ለገሰ ዛሬ "ገና ነው" ብለውኛል። ይህንኑ ነገርኳት። እንዳለ፣ ሳላሳምር።

"እሺ" አለች። የሰማ ሰው እሺ ነበር።

ነሐሴ 27

እርማት

ሐምሌ 1 ቀን ባወጣነው ማስተባበያ ላይ ስሕተቶች መገኘታቸው ተረጋግጧል። "ባለቤቱ ስለ ዝውውር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም" የተባለው "አንስታለች፤ በወቅቱ ባልየው ፍፁም ቅጣት ምት ይከታተል ነበር" ተብሎ ይነበብ። "ወሬው ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው" የተባለው ይሰረዝ፤ የከተማው ሕዝብ ከአባወራው ቀድሞ ትክክለኛ መረጃ እንደነበረው ታውቋል። "ቤተሰቡ የትም አይሄድም" የተባለውን በተመለከተ፣ አረፍተ ነገሩ በከፊል ስሕተት፣ በከፊል ደግሞ እስካሁን ድረስ ትክክል ነው። ትክክል የሆነውን ክፍል ለማረም ጥያቄ ቀርቦ ምላሽ እየተጠበቀ ይገኛል።